የልብ ምት መታወክና የስትሮክ ነገር፤ ከፍሬሚንግሃም መዝገብ ወዲህ

ልብ በተሰጠው ሥርዐት መምታቱን ትቶ ሲታወክ፣ ከእርሱ ርቆ በራስ ቅል ውስጥ የተቀመጠው አንጎል ስለ ምን ይጎዳል፤ ከሰዎችስ መካከል ይበልጥ የሚጎዳው ማን ነው፤ ጉዳቱንስ አስቀድሞ ለመከላከል የሚበጀው የትኛው መድኃኒት ነው የሚለውን ጥያቄ ዛሬ የሕክምና ተማሪ ሁሉ መልሱን በአንድ ገጽ አንብቦ ቢያልፈውም፣ ያ አንድ ገጽ የተጻፈው በብዙ ሊቃውንት የዕድሜ ልክ ድካም ነው። ከእነዚህም ሊቃውንት መካከል በቦስተን ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪም የነበረው የፊሊፕ ዎልፍ የሥራ ዘመን የጥያቄውን ጥንተ ነገርም፣ እስከ ዛሬ ያልተዘጋውን ክፍሉንም አንድ ላይ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ ይህ ዳሰሳ እርሱን መሪ አድርጎ ይጓዛል። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

አስቀድሞ የደዌውን ጠባይ መናገር ይገባል። የጤነኛ ልብ ሁለቱ የላይኞቹ ክፍሎች ከሰውነትና ከሳንባ የሚመለሰውን ደም ተቀብለው በአንድነት እየተጨመቁ ወደ ታችኞቹ ያስተላልፋሉ፤ ታችኞቹም ወደ ሳንባና ወደ መላው አካል ይረጩታል። ይህን ሁሉ የሚያዝዘው ከቀኙ የላይኛው ክፍል የሚነሣ ረቂቅ የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ነው። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን በሚባለው ደዌ ግን ትእዛዙ ከአንድ ስፍራ መምጣቱ ይቀርና፣ የላይኞቹ ክፍሎች በደቂቃ ከ350 እስከ 600 ጊዜ በሚደርስ ሥርዐት የለሽ መንቀጥቀጥ ይያዛሉ፤ ይህም መንቀጥቀጥ እንጂ መጨመቅ ስላልሆነ፣ ደሙ ይልቁንም በግራው የላይኛው ክፍል ጥግ ባለችው ጆሮ በምትመስል ትንሽ ከረጢት ውስጥ እየተኛ ይረጋል። ከረጋውም ደም ቍራጩ ተገንጥሎ ሲወጣ፣ ወደ ላይ በሚያቀኑት የአንገት ደም ሥሮች ተጕዞ ከአንጎል ደም ሥር ውስጥ ይወተፍና መንገዱን ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የአንጎል ክፍል ምግብና አየር አጥቶ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራል። ሕመምተኛውም አንድ ወገኑ ሽባ ይሆናል፣ ወይም አንደበቱ ይታሰራል፣ ወይም ሕይወቱ ያልፋል። የጀርመኑ ሊቅ ሩዶልፍ ፊርኾ በ19ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ የደምን መርጋትና የረጋውንም ተገንጥሎ መጓዝ በአስከሬን ምርመራ አስረድቶ ስለ ነበር፣ መንገዱ ከጥንት የታወቀ ነበር ሊባል ይቻላል። ያልታወቀው፣ በዚህ መንገድ ለጉዳት የሚዳረገው ሰው ብዛት ነበር።

የታወከውን ምት መጀመሪያ በትዕግሥት የተከታተለው ሰው የታላቅ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሳይሆን፣ በእንግሊዝ አገር የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች በሚኖሩባት በበርንሊ ከተማ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ያክም የነበረው ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ማኬንዚ ነው። እርሱም የአንገትን ደም ሥርና የእጅን ትርታ ባንድ ወረቀት ላይ የሚጽፍ መሣሪያ አበጅቶ፣ ያንኑ ሕመምተኛ ከዓመት ወደ ዓመት እየመረመረ መዝገብ ይይዝ ነበር። ለብዙ ዘመን ሲከታተላት የቈየች፣ በሩማቲክ ደዌ ምክንያት የልቧ በር የጠበበባት አንዲት ሴት በ1890ዎቹ መጨረሻ ምቷ ፈጽሞ ሥርዐት ሲያጣ፣ የላይኛው ክፍል መጨመቁን የሚያመለክተው ሞገድ ከወረቀቱ ላይ ጠፍቶ አገኘው፤ ምክንያቱን ግን በትክክል ሊናገር አልቻለም። የላይደኑ ቪለም አይንትሆቨን የልብን ኤሌክትሪክ የሚጽፈውን መሣሪያ ከሠራ በኋላ (በ1924 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚህ ነው)፣ የሎንዶኑ ቶማስ ሉዊስ በዚሁ መሣሪያ ተረድቶ የዚያ ሞገድ መጥፋት የላይኛው ክፍል መንቀጥቀጥ ምልክት መሆኑን፣ ደዌውም በሕሙማን ዘንድ የተለመደ መሆኑን በ1909 አስታወቀ። ልብ ይሏል፤ በዚህ ታሪክ መግቢያ ላይ የምናገኛት ሕመምተኛ የሩማቲክ የልብ ደዌ ያለባት ነበረች። አንባቢ ይህን እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ ያስፈልገናልና።

ከሉዊስ ዘመን አንሥቶ እስከ 1970ዎቹ ድረስ የሐኪሞች እምነት ሁለት ወገን ነበረው። የልቡ በር ጠብቦ ምቱም የታወከበት ሰው የረጋ ደም ወደ አንጎሉ ሊወጣበት እንደሚችል ሁሉም ያውቅ ነበር፤ የልቡ በር ደኅና ሆኖ ምቱ ብቻ የታወከበት ሽማግሌ ግን የእርጅና ምልክት እንደ ታየበት ይቈጠር ነበር እንጂ ለአንጎሉ የሚሠጋለት አልነበረም፤ ስትሮክ ቢደርስበትም ምክንያቱ የአንጎል ደም ሥር መደንደን ነው ይባል ነበር። እርግጥ ነው፣ እንደ ሚለር ፊሸርና እንደ ሬይመንድ አዳምስ ያሉ የነርቭ ሊቃውንት የሞቱትን ሰዎች አንጎል ከፍተው መርምረው፣ ከልብ የሚመጣው የረጋ ደም ከሚታሰበው በላይ ብዙ ጥፋት እንደሚያደርስ በ1951 ጽፈው ነበር። ነገር ግን አስከሬን የሞተውን ሰው ነገር ይናገራል እንጂ፣ ምቱ ታውኮ ሳለ ምንም ሳይደርስበት በሰላም የኖረውን ሰው ቍጥር አይናገርም። ሐኪም ቤት የመጣም ሰው አስቀድሞ የታመመ ነውና፣ እውነተኛውን መጠን ለማወቅ ጤነኛውንና የሚታመመውን ገና ሳይለያዩ አንድ ላይ መዝግቦ ለብዙ ዓመት መከታተል ግድ ነበር።

እንዲህ ያለው መዝገብ የተከፈተው በ1948 ከቦስተን በስተ ምዕራብ ባለችው በፍሬሚንግሃም ከተማ ነው። የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ከከተማይቱ 5,209 ወንዶችና ሴቶች ተቀብሎ፣ በየሁለት ዓመቱ እየጠራ የደም ግፊታቸውን፣ የልባቸውን ኤሌክትሪክ፣ የደማቸውን ይዞታ፣ የማጨስና የአመጋገብ ልማዳቸውን ይጽፍ ጀመር። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ጥናቱን የመራው ቶማስ ዶበርና ተከታዩ ዊልያም ካኔል በ1961 ከፍተኛ የደም ግፊትና ኮሌስትሮል ለልብ ደዌ እንደሚያጋልጡ ከዚሁ መዝገብ አውጥተው ሲያሳዩ፣ ደዌ ሲመጣ ከማከም አስቀድሞ የሚመጣበትን በር ማወቅ ይቻላል የሚለው አሳብ በሕክምና ዓለም ሥር ሰደደ። ዎልፍ በነርቭ ሐኪምነት ከእነርሱ ጋር ተጨምሮ፣ በ1970 ከካኔል ጋር የደም ግፊት ለስትሮክም ዋነኛው አጋላጭ መሆኑን አሳተመ፤ ከዚያ በኋላ የመላ ዕድሜው ሥራ ከዚህ መዝገብ ጋር የተሳሰረ ሆነ፤ ከ1989 ጀምሮም የጥናቱ መሪ ሆኖ ለረጅም ዓመታት አገልግሏል።

ይህ ዐይነቱ ምርምር ከውጭ ለሚያየው ሰው ክብር የሌለው ይመስላል። አዲስ መድኃኒት አይቀመምበትም፣ ቀዶ ጥገና አይደረግበትም፤ ሥራው ሰውየው ስትሮክ ይዞት ሲወድቅ ደርሶ፣ ደም ፈሶት ነው ወይስ ደም ሥር ተዘግቶበት፣ የተዘጋውስ ከልብ በመጣ ቍራጭ ነው ወይስ በራሱ በደም ሥሩ መደንደን ብሎ መለየት፤ የለዩትን በቀጥታ መጻፍ፤ ከዓመታትም በፊት ሰውየው ጤነኛ ሳለ የተጻፈውን የልብ ኤሌክትሪክ ወረቀት ፈልጎ ማመሳከር ነው። በአንድ ዓመት የሚገኙት ስትሮኮች ጥቂት ስለሚሆኑ፣ አንድ ቁም ነገር ለመናገር ሃያ ዓመት መጠበቅ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ጥበቃ የሚታገሥ ሊቅ ጥቂት ነው፤ ለእንዲህ ያለውም ጥበቃ ገንዘብ የሚሰጥ መንግሥት ከዚያም ያነሰ ነው። ስለዚህም የዎልፍን የሥራ ዘመን ከታላላቆቹ የቀዶ ጥገና ሊቃውንት ዘመን አሳንሼ ለማየት አልችልም።

በ1978 ዎልፍ ከዶበር፣ ከካኔልና ከሌላ ባልደረባቸው ጋር የ24 ዓመት ክትትሉን ፍሬ በአጭር ጽሑፍ አወጣ። የሩማቲክ ደዌ ሳይኖርበት ምቱ ለዘለቄታው የታወከ ሰው በስትሮክ የመያዙ ዕድል ምቱ ካልታወከው ሰው ከአምስት እጥፍ በላይ፣ የሩማቲክ ደዌ ኖሮበት ምቱም የታወከ ሰው ግን 17 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ደግሞም አደጋው መጀመሪያ ላይ በርትቶ ኋላ የሚበርድ ሳይሆን፣ ምቱ ታውኮ በቈየ መጠን እየጨመረ የሚሄድ መሆኑ ታወቀ።

የመጀመሪያው ቍጥር የቈየውን እምነት ከሥሩ ነቀለው፤ የእርጅና ምልክት ነው እየተባለ የታለፈው ነገር፣ በየአገሩ በብዙ ሺሕ ለሚቈጠሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የሽባነት ምክንያት ሆኖ ተገኝቷልና። ሁለተኛው ቍጥር ግን ማንንም አላስደነገጠም፤ አስቀድሞም የሚጠረጠር ነበር፤ በፍሬሚንግሃምም የሩማቲክ ሕሙማን ጥቂት ነበሩ፤ በኑሮ መሻሻልና በፔኒሲሊን ምክንያት ደዌው ከባለጸጎቹ አገሮች እየጠፋ ይሄድ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምርምሩ አምስት እጥፍ የተጻፈበትን ዐምድ ይዞ ገሠገሠ፤ አሥራ ሰባት እጥፍ የተጻፈበት ዐምድ ግን ወደ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የሚገባውን ያህል የሚገልጠው አልተገኘም። ዎልፍን በዚህ የሚወቅስ ሰው ቢኖር ይሳሳታል። ሁለቱን ባይለያቸው ኖሮ ተጠራጣሪዎች አደጋው ሁሉ የመጣው ከጠበበው የልብ በር ነው ባሉ፣ የሽማግሌዎቹም ነገር ተዳፍኖ በቀረ ነበር። እርሱ የሁለቱንም ቍጥር በታማኝነት ጽፏል፤ የሁለተኛውን ዐምድ ሸክም ማንሣት ከእርሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንትና ገንዘብ ከፋዮቻቸው ፋንታ ነበር።

በ1991 ዎልፍ የክትትሉን ዘመን ወደ 34 ዓመት አስረዝሞ ነገሩን ዳግመኛ መረመረው። አደጋው አምስት እጥፍ የመሆኑ ነገር ጸና፤ አዲስ ሆኖ የተገኘው ዕድሜ ነው። የደም ግፊትና የሌሎቹ ደዌዎች ድርሻ ዕድሜ በጨመረ ቍጥር እየቀነሰ ሲሄድ፣ የምት መታወክ ብቻ ከስትሮኮች ሁሉ የሚይዘው ድርሻ ከ50 እስከ 59 ዓመት ባሉት ላይ 1.5 ከመቶ የነበረው፣ ከ80 እስከ 89 ዓመት ባሉት ላይ 23.5 ከመቶ ደረሰ። በ1996 ከዚሁ መዝገብ የወጣ ጽሑፍ ደግሞ፣ ምታቸው ታውኮ ስትሮክ ከያዛቸው ሰዎች በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት 25 ከመቶ ሲሆኑ ምታቸው ካልታወከው 14 ከመቶ መሆናቸውን አሳየ፤ ከልብ የሚመጣው ቍራጭ ትልቅ ስለሆነ የሚዘጋውም ትልቅ ደም ሥር ነውና።

አደጋው በቍጥር ሲታወቅ መድኃኒቱ አስቀድሞ በመደርደሪያ ላይ ነበር። በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ የሻገተ የስዊት ክሎቨር ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልቆም እያለ ያልቁ ነበር። በየካቲት 1933 አንድ የዊስኮንሲን ገበሬ በበረዶ ውሽንፍር መካከል የሞተች ጊደሩን፣ ድርቆሹንና አልረጋ ያለውን ደም በወተት ጣሳ ይዞ ከካርል ሊንክ ቤተ ሙከራ በር ላይ ደረሰ፤ የሊንክ ሠራተኞች ከዚያ ድርቆሽ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ቅመም ለይተው ለማውጣት ስድስት ዓመት ያህል ፈጀባቸው። ከዚሁ ዘር የተገኘው ዋርፋሪን በ1948 ለአይጥ መርዝነት ተሸጠ፣ በ1954 ለሰው መድኃኒትነት ተፈቀደ። ሲያንስ ደም ይረጋል፣ ሲበዛ ደም ይፈሳል፤ ስለዚህ ደሙ በየጊዜው አይ ኤን አር በሚባለው ምርመራ እየተለካ መጠኑ ካልተስተካከለ በቀር አይሰጥም። አንጎሉን ከመዘጋት ለማዳን ብዬ ደም ባፈስበትስ የሚለው ፍርሃት ለረጅም ዘመን የሐኪሙን እጅ አስሮት ነበር።

ፍርሃቱን የፈታው ሕሙማንን በዕጣ ከፍሎ መመርመር ነው። በ1989 በኮፐንሃገን 1,007 ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት፣ በ1990 በቦስተን 420 ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት፣ ከዚያም የሌሎቹ ተራ በተራ ወጡ፤ የቦስተኑ ዋርፋሪን ስትሮክን በ86 ከመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። በ1994 አምስቱ ጥናቶች አንድ ላይ ሲደመሩ፣ በዓመት ከመቶ ሰዎች 4.5 ላይ ይደርስ የነበረው ስትሮክ ወደ 1.4 ዝቅ ማለቱ ታወቀ። በሕክምና ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ውጤት ብዙ ጊዜ አይገኝም። ነገር ግን በእነዚህ ጥናቶች ላይ የሩማቲክ ሕሙማን አልተካፈሉም፤ ለእነርሱ ዋርፋሪን ይጠቅማል የሚለው ነገር የተረጋገጠ ያህል ስለ ተቈጠረ፣ ያለ መድኃኒት የሚቀር ወገን ለይቶ ማነጻጸር ግፍ ይሆናል ተባለ። ክርክሩ ርኅራኄ ያለበት ነው፤ ሆኖም ውጤቱ እጅግ አደጋ ላይ ያለው ሕሙም በጥናት ሳይሆን በግምት የሚታከም ሆኖ መቅረቱ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ዘመን ባጭሩ ላሳልፈው። ምቱ የታወከ ሁሉ እኩል አደጋ የለበትምና፣ ዕድሜን፣ የልብ ድካምን፣ የደም ግፊትን፣ ስኳርንና ያለፈ ስትሮክን ነጥብ እየሰጡ ደምሮ የመመዘን ዘዴ በ2001 ከአሜሪካ ወጣ፤ በ2010 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም የነበረው ግሪጎሪ ሊፕ ከባልደረቦቹ ጋር አሻሻለው፤ ዛሬ በዓለም ላይ ያለ የልብ ሐኪም ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ከ2009 እስከ 2013 ደግሞ የደም ልኬት የማያስፈልጋቸው፣ ከምግብም ጋር እምብዛም የማይጋጩ አዲሶቹ ደም ማቅጠኛዎች፣ ማለት ዳቢጋትራን፣ ሪቫሮክሳባን፣ አፒክሳባንና ኤዶክሳባን፣ በአራት ታላላቅ ጥናቶች ተፈተኑ። በአራቱ ላይ የተካፈሉት 71,683 ሰዎች ውጤት ሲደመር፣ ከዋርፋሪን ይልቅ ስትሮክን በ19 ከመቶ፣ በራስ ቅል ውስጥ የሚፈሰውንም ደም በግማሽ ያህል ቀነሱ። ከእነዚህም ጥናቶች የልብ በሩ በእጅጉ የጠበበ ሰው በደንቡ ተከልክሏል።

ከዚህ የሚበልጥ የአሳብ ክርክር ያለው፣ የታወከው ምት ራሱ ምክንያት ነው ወይስ ምልክት በሚለው ላይ ነው። በ2012 በልባቸው ውስጥ መሣሪያ የተተከለላቸው 2,580 ሰዎች የተጠኑበት አሰርት የተባለ ምርምር፣ ሰውየው ሳይሰማው ለደቂቃዎች የሚታወክ ምት እንኳ ስትሮክን 2.5 እጥፍ እንደሚጨምር አሳየ፤ ግን ኋላ ቀኑ ሲመረመር፣ ስትሮክ ከያዛቸው መካከል ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ ምታቸው ታውኮ የተገኘው 8 ከመቶ ብቻ ሆኑ። መንቀጥቀጡ ደም አርግቶ፣ የረጋው ወጥቶ፣ የወጣው ዘግቶ ከሆነ ጊዜያቸው መቀራረብ ነበረበት። ስለዚህ የኒው ዮርኩ የነርቭ ሐኪም ሁማን ካሜልና መሰሎቹ፣ ሥረ ምክንያቱ የላይኛው የልብ ክፍል ግድግዳ መታመም ነው፣ መንቀጥቀጡም ስትሮኩም ከዚሁ የሚወለዱ ሁለት ልጆች ናቸው የሚል ትምህርት አነሡ። ትምህርቱ ውብ ነው፤ ነገር ግን ግድግዳው የታመመ፣ ምቱ ግን ያልታወከ ሕሙማን ላይ አፒክሳባንን ከአስፒሪን ጋር ያነጻጸረው አርካዲያ የተባለ ጥናት በ2024 ሲታተም ሁለቱ እኩል ሆነው ተገኙ። በ2021 በዴንማርክ በ6,004 ሰዎች ላይ የተደረገው ፍተሻም እንዲሁ፣ ከቆዳ በታች በተቀበረ መሣሪያ የታወከ ምት በጣም ብዙ ቢያገኝም፣ ስትሮክን በሚያስተማምን መጠን ሊቀንስ አልቻለም። በበኩሌ ከሁለቱ ወገን አንዱን ብቻ ለመቀበል የሚያበቃ ማስረጃ አላየሁም። ይልቁንም የቀዶ ጥገና ሊቃውንት በ2021 ያወጡት ውጤት፣ ማለትም ለሌላ ምክንያት ልባቸው በተከፈተ ሕሙማን ላይ ያችን ጆሮ መሰል ከረጢት መዝጋት ስትሮክን ከ7.0 ወደ 4.8 ከመቶ ማውረዱ፣ ደም የሚረጋበት ስፍራ ፈጽሞ ቸል የማይባል መሆኑን ያስረዳል። እዚህም ላይ የሁለቱ ዐምዶች ልዩነት ይታያል፤ በ1996 የተሰበሰበው ማስረጃ እንደሚያሳየው፣ ሩማቲክ ባልሆኑት ሕሙማን ላይ በግራው የላይኛው ክፍል ከተገኘው የረጋ ደም 91 ከመቶው በከረጢቷ ውስጥ ሲሆን፣ በሩማቲኮቹ ግን 57 ከመቶ ብቻ ነው። በእነርሱ ልብ ውስጥ ክፍሉ ሁሉ ሰፍቶ ደሙ በየስፍራው ይረጋል፤ ለአንደኛው የተሠራ ብልሃት ለሌላው አይበቃም።

የተዘጋውን ዐምድ ከገለጡት መካከል ቀዳሚው የኬፕ ታውኑ ቦንጋኒ ማዮሲ ነው። እርሱና ባልደረቦቹ ኢትዮጵያን ጨምሮ በአሥራ ሁለት የአፍሪካ አገሮች፣ በሕንድና በየመን 3,343 የሩማቲክ ልብ ሕሙማንን መዝግበው በ2015 ያሳተሙት ጽሑፍ፣ ለእኔ ከፍሬሚንግሃሙ ጽሑፍ ጎን የሚቀመጥ ነው። የሕሙማኑ አማካይ ዕድሜ 28 ዓመት ነበር። ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች ነበሩ። ከመቶው ወደ 22 የሚሆኑት ምታቸው ታውኮ ነበር፤ ደም ማቅጠኛ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች የታዘዘላቸው 70 ከመቶ ያህል፣ ከታዘዘላቸውም የደማቸው ልኬት በተፈለገው መጠን የተገኘው 28 ከመቶ ብቻ ሆኑ። የፍሬሚንግሃም መዝገብ በሰማንያ ዓመቱ የሚወድቀውን ሽማግሌ ሲያሳየን፣ ይህ መዝገብ ልጅ አዝላ የምትወድቀውን እናት፣ በትምህርት ላይ ሳለ አንደበቱ የሚታሰረውን ወጣት ያሳየናል። ማዮሲ በ2018 ገና ብዙ ሊሠራ ሲችል ዐረፈ።

አዲሶቹ መድኃኒቶች ለእነዚህ ሕሙማን ይበጁ እንደ ሆነ የተፈተነው ዘግይቶ ነው። በ2022 የታተመውና ኢንቪክተስ የተባለው ጥናት በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ ባሉ 24 አገሮች 4,531 የሩማቲክ ሕሙማንን በዕጣ ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን ሪቫሮክሳባን፣ ለሌላው ዋርፋሪንና መሰሎቹን ሰጠ። ብዙ ሰው የጠበቀው አዲሱ መድኃኒት እንዲያሸንፍ ነበር፤ የደም ልኬት አያስፈልገውምና ለድኃ አገር የተፈጠረ ይመስል ነበር። ውጤቱ ግን ተቃራኒ ሆነ፤ ሪቫሮክሳባን ከተሰጣቸው 552፣ ዋርፋሪን ከተሰጣቸው 442 ሰዎች ሞቱ። የልዩነቱ አብዛኛው ክፍል የመጣውም ከስትሮክ ሳይሆን ከድንገተኛ ሞትና ከልብ ድካም ነበር፤ ይህም ለምን እንደ ሆነ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ዋርፋሪን የሚወስደው ሰው ደሙን ለማስለካት በየወሩ ከሐኪም ፊት መቅረቡ ራሱ ሳይጠቅመው አልቀረም የሚሉ አሉ፤ እኔም ለዚህ አሳብ አደላለሁ። ቀደም ብሎም በ2013 ከብረት የተሠራ የልብ በር በተተከለላቸው ሕሙማን ላይ ዳቢጋትራን ሲሞከር፣ መርጋቱም መፍሰሱም በዝቶ ጥናቱ ያለ ጊዜው ቆሟል። እንግዲህ በአንዱ ዐምድ ላይ የተገኘ እውነት በሌላው ላይ እንዲሁ ይሠራል ብሎ መገመት ነፍስ የሚያስከፍል ግምት ነው።

ስለዚህ ለአገራችን የሩማቲክ ሕሙም ያ የ1948ቱ የአይጥ መርዝ እስከ ዛሬ ዋነኛው መድኃኒት ነው፤ ከእርሱም ጋር ችግሩ ሁሉ አብሮ አለ። ዋርፋሪን የሚሠራው የቫይታሚን ኬን ሥራ በማገድ ነው፤ ይህ ቫይታሚን ከሚበዛባቸው ምግቦች አንዱ ደግሞ ጎመን ነው፤ በጾም ወራት ከሥጋና ከወተት ተለይቶ በጎመን የሚጾም ምእመን የደሙ ልኬት ከፋሲካ በኋላ ካለው ሊለይ ይችላል። ሐኪሙ ይህን አስቦ ጎመኑን ተው ከማለት ይልቅ መጠኑን እንዳይለዋውጥ፣ በጾም መግቢያና መውጫ ደሙን እንዲያስለካ ሊመክረው ይገባል። ምርመራው የሚገኘው ግን በትላልቆቹ ከተሞች ባሉ ሐኪም ቤቶች እንጂ በየወረዳው ጤና ጣቢያ አይደለም፤ ከገጠር ለሚመጣ ገበሬ የአንድ ቀን ልኬት የብዙ ቀን መንገድና ወጪ ነው። በዶክተር በላይ አበጋዝ ትጋት በጥቁር አንበሳ ሐኪም ቤት ግቢ የተመሠረተው የልብ ማዕከል ለብዙ ሕፃናትና ወጣቶች የልብ በር ጠግኗል፣ ለውጧልም፤ የብረት በር የተተከለለት ልጅ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕድሜውን ሁሉ ዋርፋሪን ሊወስድ የተገደደ ነው።

በየካቲት 2015 የአፍሪካ ሊቃውንት በአፍሪካ ኅብረት ጥሪ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ባወጡት መግለጫ፣ የሩማቲክ የልብ ደዌ ከአህጉሩ እንዲጠፋ ሊደረጉ የሚገባቸውን ሰባት ነገሮች ዘርዝረዋል። የመጀመሪያው ሕሙማኑን በየአገሩ መመዝገብ ነው፤ ሁለተኛው ጥራት ያለው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ሳይቋረጥ እንዲገኝ ማድረግ ነው። ሁለቱም በቅደም ተከተላቸው ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ። ደዌው በሕፃንነት ከጉሮሮ ሕመም ይጀምራልና፣ የልጁን ጉሮሮ በጊዜው ማከም፣ የሩማቲክ ትኵሳት አንድ ጊዜ የያዘውንም ልጅ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ ፔኒሲሊን መውጋት፣ በሠላሳ ዓመቱ ሊደርስበት ከሚችለው ስትሮክ ማዳን ነው፤ ይህም ከዋርፋሪንም ከሪቫሮክሳባንም ይረክሳል። በእስታቲስቲክስም በጤና ፖሊሲም ላይ ያሉ ሰዎች የልብ ምትንና የስትሮክን ነገር የሽማግሌዎች ጉዳይ አድርገው ከማየት ቢቈጠቡ፣ ለሕፃናቱ ክፍል የሚሰጡት ገንዘብ ከሁሉ አስቀድሞ አንጎልን የሚጠብቅ መሆኑን በተረዱት ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ገና ያልተጠና ሆኖ የቀረው የሴቶቹ ነገር ነው። የፍሬሚንግሃም ሊቃውንት ይህ ጥያቄ አልገጠማቸውም፤ ምታቸው የታወከባቸው ሴቶች አብዛኞቹ የመውለጃ ዘመናቸውን ያለፉ ነበሩና። በማዮሲ መዝገብ ውስጥ ያለችው የ28 ዓመት ሴት ግን ትዳር ትይዛለች፣ ልጅ ትመኛለች። ዋርፋሪን በእርግዝናው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የፅንሱን አካል ሊያበላሽ ይችላል፤ አዲሶቹም ደም ማቅጠኛዎች ለእርጉዝ ሴት አይመከሩም፤ ወደ ፅንሱ የማያልፈው ሄፓሪን በየቀኑ በመርፌ የሚወሰድ፣ ዋጋውም ከባድ ነው፤ የብረት በር ባለባት ሴት ላይ ደግሞ ከዋርፋሪን ወደ ሄፓሪን መዞር በሩ ላይ ደም እንዲረጋ መንገድ ይከፍታል። እናቲቱን የሚጠብቀው ለልጁ የሚያሰጋ፣ ለልጁ የሚበጀው ለእናቲቱ የሚያሰጋ ሆኖ፣ ዛሬ በዓለም ላይ ሐኪሞች የሚመሩባቸው ምክሮች በአብዛኛው የተጻፉት ከምልከታና ከሊቃውንት ስምምነት እንጂ ሴቶቹን በዕጣ ከፍሎ ከመረመረ ጥናት አይደለም። የዋርፋሪኑ መጠን አነስተኛ ከሆነ አደጋው እንደሚቀንስ የሚያመለክት ማስረጃ ስላለ፣ የእያንዳንዷን መጠን፣ የእርግዝናዋን ፍጻሜና የልጇን ጤና በአንድ መዝገብ ላይ መጻፍ የሚጀምር የአዲስ አበባ፣ የጎንደር ወይም የጅማ ሐኪም ቢገኝ፣ በቦስተንም በሎንዶንም የማይገኘውን መልስ ለማግኘት ከማንም ይልቅ የቀረበ ስፍራ ላይ ነው ያለው።